ለሳይንስ ትምህርት የሚያበቃ እንግሊዝኛ፦ ከሸነን እስከ ዩኒቨርሲቲ

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነውን የማያውቅ የምዕራብ ሸዋ ልጅ የለም። ክዳኑ ላላ እንዳለ ታፍኖ የነበረ ነገር እየተነፈሰ ይወጣል፤ ጸጥ ብሎ የነበረው ውሃ በአንድ አፍታ በአረፋ ይሞላል፤ ጠርሙሱ ተከፍቶ ካደረ ደግሞ አረፋውም ጣዕሙም ይጠፋል። ይህ ለምን እንደሚሆን ልጁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ብንጠይቀው «ታምቆ የነበረው ጋዝ መውጫ ስላገኘ ነው» ብሎ ይመልስልናል። መልሱ ትክክል ነው። ይኸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኬሚስትሪ መጽሐፉን ሲገልጥ ግን ስለዚያው ጠርሙስ የሚናገር፣ ወደ አማርኛ ቢመለስ የሚከተለውን የሚመስል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፎ ያገኛል።

«ከፈሳሹ በላይ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊል ግፊት መቀነስ የጋዙን የመሟሟት መጠን መቀነስና ከፈሳሹ መለየት ያስከትላል።»

ሁለቱ አባባሎች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ልጁ ሳይንሱን ያውቀዋል፤ ሳይንሱ የሚጻፍበትን ልሳን ግን ገና አላወቀውም። በዚህ ምክንያት ብቻ ፈተና ላይ የሚወድቅ፣ ከዚያም አልፎ «ሳይንስ አይገባኝም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ተማሪ ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የትምህርት እንግሊዝኛ የሚባለው ልሳን ከምን እንደተሠራ፣ ለእኛ ተማሪዎች ለምን እንደሚከብድና እንዴት ሊለመድ እንደሚችል ለማስረዳት እንሞክራለን። ጉዳዩ የቋንቋ መምህራን ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። እኛ የሳይንስ መምህራንም ከኃላፊነቱ እንደማናመልጥ አንባቢ በመጨረሻ ይፈርዳል።

ጉዞው የሚጀምረው የት ነው?

ሸነን የጅባት ወረዳ ከተማ ናት። ከአምቦ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዋናው የነቀምቴ መንገድ ወጣ ብላ ትገኛለች። በሸነንም ሆነ በጊንጪ፣ በጉደር ወይም በጌዶ ትምህርት የጀመረ ልጅ በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአፋን ኦሮሞ ሲማር ኖሯል። እንግሊዝኛን የሚያገኘው ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ሁሉ ነገር በአንድ ክረምት ይለወጣል፤ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ ጂኦግራፊው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ እስኪደርስ ያለው ጊዜ 4 ዓመት ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ቦታ የያዘው በቅርቡ አይደለም። በ1901 ዓ.ም. በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገናና የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ወረሰው። በ1943 ዓ.ም. በካናዳውያን ኢየሱሳውያን መሪነት ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። በአምቦም በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሳይንስን የሚያስተምረው በዚሁ ቋንቋ ነው።

ችግሩም ሳይታወቅ የኖረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ስቶዳርት የተባሉ ባለሙያ የኢትዮጵያን ትምህርት ቤቶች አጥንተው ባቀረቡት ሪፖርት፣ እንግሊዝኛ የመማሪያ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የመማር መሰናክል እየሆነ መምጣቱን አመልክተው ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ለመምህራን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ፕሮግራም ተዘረጋ፤ በየዩኒቨርሲቲውም የቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት ተቋቋሙ። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስም የእንግሊዝኛ ተግባቦት ክሂል ከኮርሶቹ አንዱ ሆነ። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥያቄው አልተዘጋም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው የተጀመረው የማካካሻ ትምህርት እንግሊዝኛን ከዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች አንዱ አድርጎ ያዘ። የውጤቱ ማነስ ምክንያት ቋንቋ ብቻ ነው አንልም፤ ሆኖም ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ እውቀቱን የሚያሳይበት በር እንደሌለው ግልጽ ነው።

የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ

ብዙ ጊዜ «ልጁ እንግሊዝኛ ይችላል» ሲባል ሰላምታ መለዋወጥና ስለ ራሱ መናገር ይችላል ማለት ነው። በካናዳ የሚኖሩት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረቡት ጽሑፍ ይህን ችሎታ ከትምህርት ቋንቋ ችሎታ ለይተው አሳዩ። በእሳቸውና ከእሳቸው በኋላ በተደረጉ ጥናቶች መሠረት፣ ወደ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር የተሰደዱ ልጆች የዕለት ተዕለቱን ንግግር በ2 ዓመት ገደማ ይለምዱታል፤ በትምህርት ቋንቋ ከእኩዮቻቸው ለመስተካከል ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅባቸዋል።

የልዩነቱ ምክንያት ለመረዳት አይከብድም። በጨዋታ ላይ እጅ ያመለክታል፣ ፊት ይናገራል፣ የሚነገርለት ነገርም ከፊት ለፊት አለ። ያልገባውም «ምን አልክ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በመጽሐፍ ውስጥ ግን ሁሉን የሚሸከመው ቃሉና ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ከሸነኑ ልጅ ጋር እናስተያይ። ስደተኞቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡም በሱቅ፣ በመንገድ፣ በጎረቤት የሚሰሙት እንግሊዝኛ ነው። እነርሱ ከ5 እስከ 7 ዓመት የሚፈጅባቸውን መንገድ የእኛ ተማሪ በ4 ዓመት፣ ያውም ከክፍል ሲወጣ ቋንቋውን በማይሰማበት አካባቢ፣ እንዲጨርስ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ገና በመንገድ ላይ ቢሆን ስንፍና አይደለም። ጊዜው ስላልበቃው ነው።

ስንት ቃል ይበቃል?

ቋንቋን በቁጥር መመዘን ባይቻልም ቃላትን መቁጠር ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ማይክል ዌስት በእንግሊዝኛ ዘወትር የሚያገለግሉ 2,000 ገደማ ቃላትን ለቅመው አሳተሙ። በኒውዚላንድ አቬሪል ኮክስሄድ ደግሞ 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት የያዙ የሥነ ጽሑፍ፣ የንግድ፣ የሕግና የሳይንስ ጽሑፎችን አሰባስበው በኮምፒዩተር ፈተሹ። በመጀመሪያዎቹ 2,000 ውስጥ የማይገኙ፣ ነገር ግን በሁሉም የትምህርት ዘርፎች እየተመላለሱ የሚመጡ 570 የቃል ቤተሰቦችን እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ አደረጉ። የቃል ቤተሰብ የሚባለው አንድ ቃል ከነእርባታው ነው፤ በአማርኛ «መተንተን»፣ «ትንታኔ»፣ «ተንታኝ» እንደምንለው።

በዚሁ ስብስብ ውስጥ የዌስት ቃላት ከጽሑፉ 76 በመቶ ያህሉን፣ የኮክስሄድ 570ዎቹ ደግሞ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ይህ ማለት 2,000ዎቹን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ 100 ቃላት ባሉት አንቀጽ ውስጥ 24 የማያውቃቸው ቃላት ይገጥሙታል። 570ዎቹን ከጨመረ 14 ይቀሩታል። ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰሉት አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት ለመረዳት 98 በመቶውን ማወቅ፣ ማለትም ከ50 ቃላት የማይታወቀው ከአንድ አለመብለጥ ይኖርበታል። ለዚህም ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሚያስቸግሩት ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ ነው። «ኦስሞሲስ» ወይም «አይሶቶፕ» የሚለውን ቃል መምህሩ በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ሥዕል ሥሎ፣ ደጋግሞ ያስረዳል። «ዴራይቭ»፣ «ኢንዲኬት»፣ «ኮንሲስት»፣ «ሲግኒፊካንት» የሚሉትን ግን ማንም አያስረዳቸውም፤ የሳይንስ መምህሩ የእንግሊዝኛ መምህሩ አስተምሯቸዋል ብሎ ያልፋል፣ የእንግሊዝኛ መምህሩም የሳይንስ ቃላት ናቸው ብሎ ይተዋቸዋል። ተማሪው በሁለቱ መካከል ይቀራል።

ሌሎች ደግሞ የሚታወቁ መስለው የሚያሳስቱ ቃላት አሉ። «ሶሉሽን» በሒሳብ ክፍል መፍትሔ ነው፤ በኬሚስትሪ ክፍል አንድ ነገር በፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኘው ነው። «ወርክ» ሥራ ነው፤ በፊዚክስ ግን እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ በአንድ ፍጥነት ሜዳውን የምታቋርጥ ሴት እንስራውን ደግፋ በያዘችበት ጉልበት «ሥራ» አልሠራችም። የምትደግፍበት አቅጣጫ ወደ ላይ፣ የምትሄድበት ወደ ፊት ስለሆነ ነው። ይህን ለእናቱ ቢነግራት የምትስቅበት ተማሪ፣ ቃሉ በፊዚክስ ሌላ ፍች እንዳለው ካልተነገረው በራሱ ግራ ይጋባል።

ቃል ያልገባው ሰው ሐሳብም የሚያመልጠው ለምንድን ነው? መልሱ በአእምሯችን አሠራር ላይ ነው። ለጊዜው የምንይዘውን ነገር የምናስቀምጥበት የአእምሮ ክፍል እጅግ ጠባብ ነው፤ ኔልሰን ካወን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳመለከቱት በአንድ ጊዜ 4 ያህል ነገሮችን ብቻ ይይዛል። አንባቢ የማያውቀውን ቃል ሲፈታ ይህችን ጠባብ ስፍራ ለቃሉ ያውላታል። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶበታል። ደግሞ ይጀምራል። አንድ ገጽ ለማንበብ አንድ ሰዓት የፈጀበት ተማሪ አእምሮው ዘገምተኛ ሆኖ ሳይሆን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እየሠራ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ለምን ይቆለፋል?

ወደ አምቦ ውሃ ጠርሙሳችን እንመለስ። ልጁ «ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጋዙም ይወጣል» አለ። በዚህ ውስጥ 3 ድርጊቶች አሉ፤ መከፈት፣ መቀነስ፣ መውጣት። ሦስቱም በግሥ ተነግረዋል፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለም ይታያል። መጽሐፉ ግን ድርጊቶቹን ሁሉ ወደ ስም ለወጣቸው፤ «መቀነስ»፣ «መሟሟት»፣ «መለየት» አለ። ከዚያም ስሞቹን በአንድ ግሥ፣ «ያስከትላል» በሚለው፣ አሰራቸው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ማይክል ሃሊዴይ የሳይንስ እንግሊዝኛ ዋና ጠባይ ይህ መሆኑን በሰፊው አስረድተዋል።

ሳይንቲስቶች ይህን የሚያደርጉት ለማወሳሰብ ብለው አይደለም። ድርጊት ወደ ስም ሲለወጥ እንደ ዕቃ ሊለካ፣ ሊነጻጸር፣ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገርም ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። «ግፊቱ ቀነሰ» ካልን በኋላ «ይህ መቀነስ» ብለን ቀጣዩን ነገር ልንሠራበት እንችላለን። እንዲህ እየተደራረበ ክርክር ይገነባል። ዋጋው ግን ማን ምን እንደሆነ መሰወሩ ነው። በዚህ ላይ ቻርልስ ባርበር እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳሳዩት በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ከሩብ የማያንሱት ግሦች ተገብሮ ናቸው፤ «ውሃው ተሞቀ» ይባላል እንጂ «ውሃውን አሞቅነው» አይባልም።

የቃላት ቅደም ተከተልም የራሱ ፈተና አለው። አማርኛም አፋን ኦሮሞም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እንግሊዝኛ መካከል ላይ። በስም ዙሪያ ግን ሁለቱ ቋንቋዎቻችን ይለያያሉ። በአማርኛ «የአምቦ ውሃ» ስንል ገላጩ ይቀድማል፤ በአፋን ኦሮሞ «ቢሻን አምቦ» ሲባል ውሃው ቀድሞ አምቦ ይከተላል። «ከአምቦ የሚፈልቀው ውሃ» የሚለውም ረጅም ገላጭ በአማርኛ ከስሙ በፊት፣ በአፋን ኦሮሞ ከስሙ በኋላ ይመጣል። እንግሊዝኛ አጭሩን ገላጭ እንደ አማርኛ ያስቀድማል፣ ረጅሙን ዐረፍተ ነገራዊ ገላጭ እንደ አፋን ኦሮሞ ያስከትላል። እንግዲህ 4 እና 5 ስሞች ተደርድረው ሲመጡ የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪው የመጀመሪያውን ስም ዋና አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ዋናው የመጨረሻው ነው። በሌላ በኩል ረጅሙ ገላጭ የሚያደናግረው የአማርኛ ተናጋሪውን ነው። ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚያውቅ የምዕራብ ሸዋ ተማሪ ግን፣ የሚነግረው ካገኘ፣ ለሁለቱም መቆለፊያ ቁልፍ በእጁ አለው።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር እንበል። በቁቤ የተማረ ልጅ የላቲንን ቅርጾች አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በቁቤ «ሲ» የምትባለው ፊደል «ጭ»ን፣ «ኤክስ» የምትባለው «ጥ»ን ትወክላለች። በእንግሊዝኛ ድመትን የምታመለክተው ባለ 3 ፊደል ቃል በቁቤ ሥርዓት ብትነበብ «ጨት» ትሆናለች። ልዩነቱ በግልጽ ከተነገረ በአጭር ጊዜ ይለመዳል፤ ካልተነገረ ግን ሕፃኑ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ዓመታት ይፈጃል።

ካርቱም ላይ የተገኘ ትምህርት

የትምህርት እንግሊዝኛን ጥናት ካሳደጉት ሰዎች አንዱ ጆን ስዌልስ ናቸው። ሥራቸውን ያዳበሩት በሊቢያ የምህንድስና ተማሪዎችን ሲያስተምሩ፣ ኋላም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጎረቤታችን በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ ነው። እንግሊዝኛ ለተማሪዎቻቸውም የውጭ ቋንቋ ነበር። ስዌልስ የምርምር ጽሑፎችን መግቢያ ሰብስበው ሲመረምሩ አብዛኞቹ 3 እርምጃዎችን ተከትለው እንደሚሄዱ አስተዋሉ። መጀመሪያ ጉዳዩ ጠቃሚ መሆኑ ይነገራል፤ ቀጥሎ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ መኖሩ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት እንዴት እንደሚሞላ ይገለጻል።

ለምሳሌ ስለ ጉደር ወንዝ ተፋሰስ የአፈር መሸርሸር የሚጽፍ ተማሪ በመጀመሪያ የአፈር መሸርሸር ገበሬውን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ቀጥሎ ቀደም ያሉት ጥናቶች ያልነኩት ምን እንደሆነ፣ በመጨረሻም እርሱ ምን እንደለካ ይጽፋል። ይህን ካርታ የያዘ አንባቢ ሁሉንም ቃል ባያውቅም የት እንዳለ አይጠፋበትም።

ይህ ሥርዓት ከእኛ የአነጋገር ልማድ ይለያል። ሽማግሌዎቻችን ጉባኤ ላይ መርቀው፣ ምሳሌ ተናግረው፣ ነገሩን ዙሪያ ገባውን አሳይተው ነው ወደ ፍሬው የሚደርሱት። በቅኔም ወርቁ ከሰሙ በታች ይቀበራል፤ ፈልጎ ማግኘቱ የሰሚው ድርሻ ነው። የትምህርት እንግሊዝኛ ግን ወርቁን በአንቀጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ እንድናስቀምጥ ይጠይቃል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለታችን አይደለም። ተማሪው ልዩነቱን ካላወቀ ግን መምህሩ «ፍሬ ነገር የለውም» ብሎ ጽሑፉን ይመልስበታል፤ ፍሬው ግን በመጨረሻው መስመር ላይ ተቀምጧል።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንቅፋት ነውን?

«ልጆቹ ከ1ኛ ክፍል ጀምረው በእንግሊዝኛ ቢማሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር» የሚል አስተያየት ደጋግመን እንሰማለን። መረጃው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ በ1999 ዓ.ም. ያቀረቡት ጥናት፣ 8 ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች በ8ኛ ክፍል ምዘና በተለይ በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አመልክቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፅንሰ ሐሳብ አንድ ጊዜ ከተያዘ በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ አይማሩትም፤ ስሙን ብቻ ይለውጡለታል። ብርሃን አስተፃምሮን በሚገባው ቋንቋ የተረዳ ልጅ «ፎቶሲንተሲስ» ሲባል አዲስ የሚሆንበት ቃሉ ነው። ቃሉንም ቢፈታው «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሲንተሲስ» ማጣመር መሆኑን ያገኘዋል። ያልተረዳው ልጅ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሸከም ይኖርበታል።

ስለዚህ ጉድለቱ ያለው በመሠረቱ ላይ ሳይሆን በድልድዩ ላይ ነው። ከ8ኛ ወደ 9ኛ፣ ከ12ኛ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር፣ ለሳይንስ ንባብ ተብሎ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ በበቂ አልተሠራም።

ምን እናድርግ?

ለተማሪዎች የምንመክረው በጥቂት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ 570ዎቹን የትምህርት ቃላት በዕቅድ መያዝ ይቻላል። በሳምንት 15 ቃላት የሚያጠና ተማሪ በ38 ሳምንት ይጨርሳቸዋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳዩት አዲስ ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ስለሆነም አንድን ቃል በአንድ ሌሊት 20 ጊዜ ከመጻፍ በማግስቱ፣ በሳምንቱና በወሩ መከለስ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ደብተርን በ3 ዓምድ መክፈል ይጠቅማል። በመጀመሪያው የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሁለተኛው የአፋን ኦሮሞ ወይም የአማርኛ ፍቹ፣ በሦስተኛው ቃሉ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ሦስተኛው ዓምድ እንዳይዘለል፤ ቃል ያለ ዓረፍተ ነገሩ ሲጠና ለንባብ አያገለግልም።

ሦስተኛ፣ የተቆለፈን ዓረፍተ ነገር ለመፍታት መጀመሪያ ዋናውን ግሥ መፈለግ፤ ቀጥሎ ስም የሆኑትን ድርጊቶች ወደ ግሥ መልሶ «ማን ምን ሆነ? ምን ቀደመ? ምን ተከተለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የጠርሙሱን ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ የፈታ ተማሪ የልጅነት መልሱን ያገኘዋል።

አራተኛ፣ በቡድን ሲያጠኑ በሚገባቸው ቋንቋ ተከራክረው፣ የደረሱበትን በእንግሊዝኛ ቢጽፉ ሁለቱም ይዳብራሉ።

አምስተኛ፣ የፈተና ትእዛዞችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «ዲፋይን» ትርጉሙን በአጭሩ ስጥ፣ «ኤክስፕሌይን» ለምንና እንዴት እንደሆነ አስረዳ፣ «ኮምፔር» አንድነትና ልዩነታቸውን አሳይ፣ «ጀስቲፋይ» ለመልስህ ምክንያት አቅርብ ማለት ነው። «አንለስ» እና «ዌርአዝ» የመሳሰሉትን ማያያዣዎችም እንዲሁ፤ አንዲቱን ያልተረዳ የጥያቄውን ሐሳብ ገልብጦ ይወስደዋል።

የቀረው ምክር ለእኛ ለመምህራን ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን የራሳችን ስህተት ስለሆነ ሳንሸሽግ እንናገረዋለን። በአንድ ፈተና ላይ፣ ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ ስለመሟሟቱ ላቀረብነው ጥያቄ የአንድ ተማሪ መልስ ዝብርቅርቅ ብሎ ስላገኘነው ዜሮ ሰጠነው። ተማሪው ቢሮ መጥቶ ቆመ፤ በእንግሊዝኛ ስንጠይቀው ዝም አለ። በሚችለው ቋንቋ እንዲናገር ስንፈቅድለት ግን የአምቦ ውሃን ጠርሙስ ምሳሌ አድርጎ፣ ግፊቱንም ሙቀቱንም ሳይዘነጋ፣ ከመጽሐፉ በተሻለ ሁኔታ አስረዳን። ቀዝቃዛው ጠርሙስ ከሞቀው ይልቅ ጋዙን ለምን እንደሚይዝ እንኳ ጨመረልን። ያን ቀን ስንት መልሶችን በዜሮ እንዳለፍን ራሳችንን ጠየቅን።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ጥቂት ነገሮችን ለወጥን። በየትምህርቱ መጀመሪያ 5 ወይም 6 ቁልፍ ቃላትን፣ የሳይንስ ስያሜዎችን ብቻ ሳይሆን «ዴራይቭ»ን የመሳሰሉትን ጭምር፣ በሰሌዳው ጥግ እንጽፋለን። ስንናገር «አሁን ምክንያቱን እንመለከታለን»፣ «ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው» እያልን መንገዱን እናመለክታለን። የፈተና ጥያቄዎችን እናሳጥራለን። ስናርም ለፅንሰ ሐሳቡና ለአገላለጹ ነጥቡን ለየብቻ እንሰጣለን። እነዚህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም። ከዚህ ባሻገር የአንደኛ ዓመትና የማካካሻ የእንግሊዝኛ ትምህርቶች ምንባቦቻቸውን ከተማሪው የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መጻሕፍት ቢወስዱ፣ የቋንቋና የሳይንስ መምህራንም አብረው ቢያዘጋጇቸው ትልቅ እርምጃ ይሆን ነበር።

ማጠቃለያ

በአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መካከል አድጎ፣ ግእዝን ተምሮ፣ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መልሷል፤ «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን ተውኔቱንም በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትሟል። በእርሱ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች ለኋለኛው መሠረት እንጂ ሸክም አልሆኑም። ከሁሉም ተማሪ የጸጋዬን ያህል አንጠብቅም። መጽሐፉን አንብቦ እንዲረዳና የሚያውቀውን እንዲጽፍ ግን ልናበቃው ይገባል።

በሸነን፣ በጊንጪ፣ በጌዶ የምታስተምሩ ውድ አንባቢያን፣ ከላይ የጠቀስነውን የጠርሙስ ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው የ9ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ወስዳችሁ ሞክሩት። አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ይዛችሁ ግቡ፤ ተማሪዎቹ ያዩትን መጀመሪያ በቋንቋቸው ይናገሩ፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ጻፉላቸውና አብራችሁ ፍቱት። ያገኛችሁትን ብትጽፉልን በሚቀጥለው እትም ከአንባቢያን ጋር እንወያይበታለን።